የአያቴ ቀለምና የጓደኛዬ ቴስተር

ባለፈው ክረምት ከሮቢት ስመለስ፣ አያቴ ከምጣድ ጥላሸትና ከግራር ሙጫ ያዘጋጁትን የብራና ቀለም በትንሽ ጠርሙስ ይዤ መጣሁ። የኬሚስትሪው ጓደኛዬ «ጥላሸት በፕላስቲክ ውስጥ ቢበተን ፕላስቲኩ ኮረንቲ ያስተላልፋል» ቢለኝ፣ እኔ የሥነ ጽሑፉ ተማሪ «ይህንንማ አያቶቻችን ድሮ ሠርተውታል!» ብዬ ፎከርሁ። ቀለሙን በወረቀት ላይ ቀብተን፣ አድርቀን፣ ቴስተሩን አስነካነው። መርፌው ንቅንቅ አላለም። የዶርሙን ሳቅ አትጠይቁኝ፤ አያቴን በሰው ፊት ያዋረድኋቸው መሰለኝ።

ነገሩ ለካ እንዲህ ኖሯል። የጥላሸት ቅንጣት ስፋቷ በአሥሮች ናኖሜትር የሚለካ ነው፤ አንዱ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ እጅ ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት በሙጫ ከተከበበች ኮረንቲው መሻገሪያ ያጣል። ጥላሸቱ በዝቶ ቅንጣት ከቅንጣት የተነካካ ጊዜ ግን መንገዱ በድንገት ይከፈታል። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 እ.ኤ.አ. ያሳወቃቸው የካርቦን ቱቦዎችማ ቀጫጭንና ረዣዥም ስለ ሆኑ ከመቶ አንድ እጅ ሳይሞሉ እንኳ ሊነካኩ ይችላሉ።

እኛም የኩራዝ ጥላሸት ጨምረን፣ ሙጫውን ቀንሰን ብንቀባ መርፌው ተነሣ! ቀለሙ ግን በጣት ሲነካ ረገፈ።

ለአያቴ ደውዬ ብነግራቸው፣ «ሙጫውማ ከብራናው እንዳይለቅ ነው፤ ማን ኮረንቲ ፈለገበት?» አሉኝ።