የመውጫው ገጽ

ዐባይን ያላወደሰ ብዕር፣ ያልዘፈነለት ጉሮሮ በአገራችን አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁንና አብዛኛውን ጊዜ የምናወድሰው ከድልድይ ላይ ቆመን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የጂኦግራፊ መምህር፣ አንድ ሠዓሊና እኔ ይህን ቁጭት ለመወጣት ተነሣን። ከጢስ ዐባይ ፏፏቴ በታች ወደ ሸለቆው ገብተን፣ የጎማ ጀልባ እየቀዘፍን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ ወንዙን እስከሚሻገርበት ድልድይ ለመውረድ አሰብን።

ዕቅዱን የማርቀቁ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። በቅድሚያ ከእኛ በፊት የሞከሩትን መረመርሁ። በ1903 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ማክሚላን ያሰለፋቸው ጀልባዎች ብዙም ሳይርቁ ተሰባበሩ። በ1968 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው መኮንን ብላሽፎርድ-ስኔል የመራው ቡድን ከአባላቱ አንዱን ውኃ ወሰደበት። በ2004 እ.ኤ.አ. ስካቱሮና ብራውን ከኢትዮጵያ ተነሥተው ሜዲትራኒያን ባሕር ደረሱ። ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት ድፍረት ብቻውን ስንቅ እንደማይሆን ነው።

ቀጥሎ ወቅቱን አሰላሁ። በነሐሴ ውኃው ከገደል ገደል ይሞላል፤ በበጋ ማብቂያ ደግሞ የተገለጠው ዐለት ጀልባ ይቀዳል። በመሆኑም ጥቅምት ተመረጠ። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ የሐይቁን ውኃ በከፊል ወደ በለስ ስለሚያሻግረው፣ የዝናቡን ወራት መቁጠር ብቻ አልበቃም። ታች ደግሞ በሽሎና ጀማ ሲጨመሩበት ወንዙ ሌላ ወንዝ ይሆናል። ገመዱ፣ የራስ ቁሩ፣ የሕይወት አድን ሰደርያው፣ ስንቁ ሁሉ ተቆጥሮ ተጻፈ።

ረቂቁን ይዤ ወደ ሸለቆው አፋፍ ሄድሁ። በዚያም በተነፋ ስልቻ ወንዙን ሲሻገሩ ያረጁ አንድ አባት አገኘሁ። ያነበብሁላቸውን በትዕግሥት አዳመጡና፣

«መግቢያውንስ ጽፈሃል፤ መውጫው የታል ልጄ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ገደል በግራና በቀኝ በቆመበት ሥፍራ ጀልባ ቢቀደድ፣ ሰው ቢጎዳ፣ በየት በኩል ወደ ደጋው ይወጣል? በእርሳቸው ጠቋሚነት የፍየል መንገዱን፣ የገበያተኛውን መሻገሪያ፣ የቅርቡን መንደር በአንድ ገጽ ላይ አሰፈርሁ።

በዚያች ሌሊት ያን ገጽ ከስማችን ዝርዝር ጋር ሳስተያይ፣ ሠዓሊው ወዳጄ ዋና መቻሉን ጠይቄው እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። ስጠይቀው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

«ሰደርያው ይይዘኛል» አለኝ በመጨረሻ።

ሸለቆውን ከውኃው ላይ ሆኖ ለመሣል ለዓመታት ሲመኝ የኖረው እርሱ ነው፤ የጉዞውም ሐሳብ ከእርሱ የፈለቀ ነበር። ሰደርያ ግን ቢያንሳፍፍም ከአዙሪት አያወጣም። ስሙን ከጀልባው ዝርዝር ሰርዤ፣ በቅሎ ይዘው በአፋፉ ከሚከተሉን ጋር ጻፍሁት። ለሁለት ሳምንት አላነጋገረኝም። ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ የወንዙን ጠባይ ከመጽሐፍ ስለቅም የባልንጀራዬን ሳልጠይቅ ቀርቻለሁና።

ካሰብነው ድልድይ አልደረስንም። በሦስተኛው ቀን ጀልባችን ዐለት ላይ ተቀደደ፤ ሽማግሌው ባመለከቱን የፍየል መንገድ ወጣን። ከአፋፉ ላይ ሠዓሊው ወረቀቱን በጉልበቱ ዘርግቶ፣ በቅሎዎቹን አስሮ ይጠብቀን ነበር። ስንወጣ ያየን ከሩቅ ነው፤ በሥዕሉ ላይ ሁለት ነጥብ አድርጎናል።

ያ ሥዕል ዛሬ ከጠረጴዛዬ ፊት ተሰቅሏል። ማናቸውንም የጋራ ሥራ ለማቀድ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር፣ ከመግቢያው በፊት የእያንዳንዱን ሰው መውጫ እንድጽፍ ያስታውሰኛል።