ከነዌ ልብስ እስከ ፈታዩ ሳንባ



የሕክምና ተማሪ ከሚሸመድዳቸው የባዕድ ቃላት አብዛኞቹ በፈተናው ማግስት ይረሳሉ። አንዱ ግን ከእኔ ጋር ቀርቷል። «ቢሲን» የሚል የእንግሊዝኛ ቅጽል ነው፤ «ከቀጭን የተልባ እግር የተሠራ» ማለት ነው። ዛሬ እንግሊዞቹ ራሳቸው እምብዛም አይናገሩበትም።

ቃሉን እንግሊዝኛ ከላቲን፣ ላቲን ከግሪክ፣ ግሪክም ከሴም ቋንቋዎች ወሰደው። በዕብራይስጥ «ቡጽ» ይባላል፤ እንግዲህ ለግዕዛችን የዘመድ ቤት ቃል ነው። እኛ በምንማርባት በግብፅ አስከሬን ይገነዝበት የነበረውን ጨርቅ ሄሮዶቱስ ከ2,400 ዓመታት በፊት የገለጸው በዚሁ ቅጽል ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ባለጸጋው ነዌ የለበሰውም በግሪኩ «ቢሶስ» ነው። ቃሉ የድሎት ቃል ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1877 ፈረንሳዊው ሐኪም አድርየን ፕሩስት ከዚሁ ሥር «ቢሲኖሲስ» የሚል የበሽታ ስም አወጣ። በሽታው ግን የሚይዘው ለባሹን ሳይሆን ፈታዩን ነው። የጥጥ ወይም የተልባ እግር ብናኝ የሚተነፍስ ሠራተኛ ከዕረፍት በተመለሰበት ቀን ደረቱ ይጨነቃል፤ በማግሥቱ ይሻለዋል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ጭንቀቱ ሳምንቱን ሙሉ ይሆናል፤ ሳንባውም ወደ ቀድሞው አይመለስም።

አጎቴ በአገር ቤት በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥጥ በሚበጠርበት ክፍል ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። ሰኞ ሰኞ ትንፋሽ ሲያጥረው ጎረቤቱ «የእሑድ ጠላ ነው» እያለ ያማው ነበር። በሄደበት ሁሉ የሳል ሽሮፕ ሰጡት እንጂ ምን ሥራ እንደሚሠራ የጠየቀው የለም። ራጅም ተነሥቶ ነበር፤ ዳሩ ግን ይህ በሽታ በራጅ የሚለይበት የራሱ ምልክት የለውም። የሚገኘው በጥያቄ ነው። ጣሊያናዊው ራማዚኒ ሐኪሞች የበሽተኛውን ሥራ እንዲጠይቁ ካሳሰበ ከ300 ዓመታት በላይ ሆኖታል።

ነገ ከመካከላችን በፋብሪካ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ የሚመደብ አይጠፋም። መሣሪያ ቢያጥረን እንኳ ሁለት ጥያቄ አይጥፋን፦ ሥራዎ ምንድን ነው? የሚብስብዎትስ በየትኛው ቀን? መልሱ «ጥጥ» እና «ሰኞ» ከሆነ ሽሮፕ ጽፎ መሸኘት አይበቃም። ብናኙ ከክፍሉ እንዲወገድ፣ ሠራተኛውም ደመወዙ ሳይቀነስ ወደ ሌላ ክፍል እንዲዛወር ለአሠሪው መጻፍም የሐኪሙ ሥራ ነው።