ቀዩ የጡብ ወለል

ወጣት መምህር ሆኜ ደባርቅ ስገባ የተከራየሁት ቤት ከደጃፉ ላይ በሸክላ ጡብ የተነጠፈ ወለል ነበረው። የቤቱን እመቤት ሁላችንም እማማ እያልን እንጠራቸው ነበር። ጡቡን ከፈረሰ የጣሊያን ሕንፃ ለቅመው ያነጠፉት ሟቹ ባለቤታቸው ናቸው። እማማ ቡና የሚያፈሉት፣ እንግዳ የሚቀበሉትም በዚያው ወለል ላይ ነበር።

ደባርቅን ወይም ዳባትን የምታውቁ ተማሪዎች የሐምሌንና የነሐሴን ጉም አትረሱትም። ፀሐይ ሳይታይ ቀናት ያልፋሉ፤ ከቆርቆሮው የሚወርደውም ውሃ ደጃፉን ሲመታ ይሰነብታል። ስለዚህ የእማማ ጡብ ከፊሉ ጠቁሮ፣ ከፊሉ አረንጓዴ ለብሶ፣ የድንጋይ ሽበትም አብቅሎበት ነበር። በበጋ ደግሞ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነገር ይወጣበታል። ይህ ነጭ ነገር ጨው ነው። ውሃ ወደ ጡቡ ሲሰርግ በውስጡ ያለውን ጨው ያሟሟል፤ በፀሐይ ተንኖ ሲሄድም ጨውን ከላይ ትቶት ይሄዳል። በውሃ ብታጥቡት ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል፤ በደረቅ መጥረጊያ ግን ይነሣል። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር።

በጥር ወር እማማ ለለቅሶ ወደ ዳባት ሄደው ሰነበቱ። እኔም ሲመለሱ ላስደስታቸው አስቤ ወለሉን በሽቦ ብሩሽ ፋቅሁት፤ አልለቅ ባለኝ ላይ የመኪና ባትሪ አሲድ አፈሰስሁበት። ሱሪዬን የበሳሳው አሲድ ዓይኔን አለማግኘቱ ዕድሌ እንጂ ብልሃቴ አልነበረም። ጡቦቹን ያያያዘው ኖራ እየፈላ ሲበላ አይቼም አልቆምሁም፤ ክፍተቱን በሲሚንቶ ሞላሁት። አሲዱ አልቆብኝ ሳልነካው የቀረው ከግድግዳው ሥር ያለው አንድ ረድፍ ብቻ ነበር።

እማማ ሲመለሱ ወለሉ እንደ በርበሬ ቀልቶ ጠበቃቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እጅህ ይባረክ፣ መምህር» አሉኝ። እኔም ዝምታቸውን ትቼ ምርቃታቸውን ብቻ ሰማሁ።

ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ሲወጣ ጡቡ እንደ ሽንኩርት ይላጥ ጀመር። እማማ አንዱን ቅርፊት አንሥተው እያገላበጡ «የተፋቀ ምጣድ እንጀራ ይይዛል፤ የዚህንም ቆዳውን ገፈህበት ነው» አሉ። አልተሳሳቱም። ጡብ በእሳት ሲተኮስ ፊቱ ከውስጡ ይልቅ ይጠነክራል። ያ ፊት ሲፋቅ ለስላሳው ውስጡ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃው ሲደርቅ ጨው ከውስጥ ጠጥሮ ጡቡን እየገፋ ይልጠዋል። ከጡቡ ይልቅ የጠጠረው የኔ ሲሚንቶም እርጥበቱ በመጋጠሚያው በኩል እንዳይወጣ ዘጋበት።

የሲሚንቶውን ነገር የተረዳሁት ጎንደር ሄጄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ ግንብ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ለግንቦቹ በተደረገው ጥገና ሲሚንቶ ገብቶ ነበር፤ ኋላ በተካሄደው ጥገና ግን ሲሚንቶው እየተነሣ በኖራ ተተክቷል። ይህን ሳውቅ ጥፋቱ የኔ ብቻ አለመሆኑ ትንሽ አጽናናኝ። እማማን ግን የሚያጽናና አልነበረም።

በዚያው በጋ አስቀድሜ የሠራሁት ቦይ ነበር፤ የጣሪያው ውሃ ደጃፉ ላይ መውረዱን ካልተወ ማጽዳቱ ከንቱ ድካም ነውና። ከዚያም ሲሚንቶውን በመሮ እያነሣሁ፣ ጡቦቹን አንድ በአንድ ገልብጬ፣ ያልተነካውን ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጌ በኖራና በአሸዋ መለስኋቸው። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ከግድግዳው ሥር ወዳለው ጥቁር ረድፍ ስደርስ እማማ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«እሱን ተወው፤ እሳቸው የጀመሩበት ነው» አሉኝ።

መሮዬን አስቀምጬ ረድፉን በደረቅ መጥረጊያ ብቻ ጠረግሁት።