ወደ ዲንሾ ለሚሄዱ ቤተሰቦች

በበዓል ሰሞን ከቤተሰብ ጋራ ወጥቶ አገርን ማየት በከተሞቻችን እየተለመደ መጥቷል። ብዙው ሰው የሚመርጠው ውሃ ዳር ያለ ከተማን ነው፤ ባሕር ዳርን፣ ሐዋሳን፣ ቢሾፍቱን። እኛም ይህን ምርጫ አንነቅፍም። ነገር ግን ውሃን በሐይቅ ተጠራቅሞ ከማየት ሌላ፣ ወደሚመነጭበት ተራራ ወጥቶ ማየትም አለና፣ ዛሬ ስለ ዲንሾ ልንጽፍላችሁ ወደድን።

ዲንሾ በባሌ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በዌብ ወንዝ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገደኛው በሻሸመኔ ቢመጣም በአሰላ ቢመጣም፣ ዶዶላንና አዳባን አልፎ ይደርስባታል። ከእርሷ ወደ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ሮቤ፣ ከሮቤም 14 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ጎባ ይገኛሉ። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤቱ በዲንሾ ነው፤ ፓርኩም በ2016 ዓ.ም. በመስከረም ወር በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ለጉዞው የሚሻለው ጊዜ ዝናቡ የሚቀንስበት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወራት ነው፤ ገናና ጥምቀትም በዚሁ መካከል ይውላሉ። ቀኑ ብሩህ ቢሆንም ሌሊቱ ብርቱ ነው፤ በከፍታው ላይ ውርጭ ይጥላል። ስለዚህ ጋቢና ወፍራም ካፖርት፣ ለልጆችም የሱፍ ቆብ መያዝ ይገባል። ማደር የሚፈልግ ሰው በዲንሾ በፓርኩ ግቢ ውስጥ በጥዱ ዛፍ መካከል ያለውን ማረፊያ ቤት፣ ወይም በከተማይቱ መንገድ ዳር ያሉትን አነስተኛ አልጋ ቤቶች ያገኛል። ድንኳን ያለውም በተፈቀደለት ስፍራ ይተክላል። ሰፋ ያለ ሆቴል የሚሻ ወደ ሮቤ ወይም ወደ ጎባ ይሂድ፤ በእነዚህ ከተሞች ቅዳሴ ለማስቀደስም ይመቸዋል። የጾም ምግብ አስቀድሞ ማዘዝ መልካም ነው፤ በሶና ቆሎ በስንቅ ቢያዝ ደግሞ አያሳፍርም። የሥጋው ነገር የሚያሳስበው ቤተሰብ በትሕትና ይጠይቅ፤ ክርስቲያኑና እስላሙ አብረው በሚኖሩበት አገር ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ምክር አለን፤ ይህንንም የምንመክረው ከገዛ ስሕተታችን ተምረን ነው። በመጀመሪያው ጉዟችን ዲንሾን በመኪና መስኮት አይተን አለፍናትና ጎባ አደርን። በማግሥቱ ዓርብ ነበር። ሽማግሌ እናታችንን ይዘን፣ እርሳቸውም እንደ ልማዳቸው እህል ሳይቀምሱ፣ በማለዳ ወደ ሳነቴ ወጣን። ከ4,000 ሜትር በላይ ስንደርስ ራሳቸውን አዞራቸው፤ ትንፋሽም አጠራቸው። ደንግጠን መኪናውን መለስንና ቁልቁል ወረድን። በጎባ ዳር አንዲት እስላም ባልቴት አይታን ቤቷን ከፈተችልን፤ ወዲያውም ትኩስ ወተት በጮጮ አቀረበች። እናታችን ጮጮውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ዝም አሉ። እንቢ ቢሉ ባለቤቲቱን የሚያሳዝኗት መሰላቸው። ሴትዮዋ ግን ማተባቸውን አየችና፣ «ለካ ዛሬ ዓርብ ነው!» ብላ ወተቱን አነሣች፤ በምትኩም ሻይና የገብስ ቆሎ አመጣች። እናታችን ሰዓቱን ሲጠይቁን ሰምታ፣ «ለታመመ ሰው ፈጣሪ ሰዓት አይቆጥርም፤ ይጠጡ እናቴ» አለቻቸው። ጠጡም። በኋላ በመንገድ ላይ፣ «ልጄ፣ አንተ የተማርኸውን ስብከት እርሷ ቀደመችህ» አሉን። እኛም የምንመልሰው አልነበረንም።

እንግዲህ ወደዚያ የሚሄድ ሁሉ፣ ይልቁንም ሽማግሌና ሕፃን የያዘ፣ አስቀድሞ ሁለት ሌሊት በዲንሾ ይደር። ሰውነቱ ከፍታውን ሲለምድ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይውጣ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቢበረታበት ግን መድኃኒቱ ሳይዘገዩ መውረድ ነው።

በእነዚህ ሁለት ቀናት የሚታይ አይጠፋም። ከአዳባ በኩል ወደ ዲንሾ ሲቃረቡ መንገዱ የጋይሳይን ሜዳ ያቋርጣል፤ በዚያም የደጋ አጋዘን መንጋ በማለዳና በማታ ይሰማራል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የለም። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያውን ክፍያ ከፍሎ፣ የአካባቢውን መሪ ይዞ፣ በእግር ወይም በፈረስ የዌብን ሸለቆ ቢከተሉ ደግሞ ፊንጫ ሀበራ ከሚባለው ፏፏቴ ይደርሳሉ። በዚያ አጠገብ ባለ የድንጋይ ጥግ በጥንት ዘመን ሰዎች ያድሩበት እንደ ነበረ በ2011 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ገልጿል፤ ሊቃውንቱ ዘመኑን ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ብለው ገምተውታል። ምግባቸው በባሌ ብቻ የሚገኘው ታላቁ ፍልፈል ነበር። እንግዲህ በዚህ አገር ከሁሉ የቀደመው የእንግዳ ማረፊያ በውሃ ዳር ያለው ይህ ጥግ ሳይሆን አይቀርም።

የዌብ ነገር በዚህ አያበቃም። ወንዙ ወደ ምሥራቅ ወርዶ፣ ከሮቤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ይገባል፤ በእስላሞች ዘንድ በተከበረው በዚህ ስፍራ የዋሻው መንገድ ከ15 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው። ከዚያም ወጥቶ ወደ ገናሌ ይሄዳል። ገናሌና ዋቢ ሸበሌም ከዚሁ ደጋ ውሃ ይቀበላሉ፤ እስከ ሶማሊያ ድረስ በቆላ ያለ ሕዝብና ከብት ይጠጣቸዋል። ቅዱስ ዳዊት በ103ኛው መዝሙሩ ስለ ተራራ ምንጮችና ስለ ዱር አራዊት የዘመረውን የሚያውቅ ሰው፣ በዲንሾ ቆሞ ቢያስበው ነገሩ ይገባዋል።

በመጨረሻ ሳነቴ አለ። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ በዚህ ከፍተኛ ሜዳ ላይ ያልፋል፤ ጅብራው እንደ ሰው ቆሞ ይታያል፣ የ4,377 ሜትሩ ቱሉ ዲምቱም ከበላዩ ነው። ቀይ ቀበሮ ፍልፈሉን የሚያድነው በዚህ ነው። በዓለም ሁሉ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም ይባላል፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ናቸው። የሚገድላቸውም ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራት እጅ ሦስት ያህሉን ፈጅቷል።

ስለዚህ እንግዳ ሆነን ስንሄድ የእንግዳን ሥርዓት እንጠብቅ። ውሻችንን ይዘን አንሂድ፤ የምግብ ትራፊም ውሻ ስለሚስብ በሜዳ አንጣል። ልጆቻችን በግቢው ለሚመላለሰው ከርከሮ ዳቦ እንዳይወረውሩ እንከልክላቸው። በጋይሳይ መኪናችንን በዝግታ እንንዳ። በወንዙ ውስጥ ሳሙናም ቆሻሻም አንጨምር፤ ከታች የሚጠጣው አለና። መሪውንና ባለ ፈረሱን በተገቢው ዋጋ እናሠራ፤ ተራራው ለጎረቤቶቹ እንጀራ ሲሆን ጠባቂው ይበዛል።

እኛም በሁለተኛው ጉዟችን ሁለት ሌሊት በዲንሾ አድረን፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ሳነቴ ወጣን። እናታችን በደኅና ወጡ፤ ቀይ ቀበሮውንም በሩቅ አይተው አማተቡ። ሲመለሱ ከመኪናው ወርደው ወደዚያች ሴት ቤት ገቡ፤ ከአዲስ አበባ ጀምሮ በጉያቸው የያዙት የቡና ከረጢት ለእርሷ እንደ ነበረ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

መንገዳችሁን እግዚአብሔር ያቅናላችሁ።