ከማሽኑ በፊት ግድግዳው

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ፣ እኔም ተወልጄ ካደግኩበት የቀበሌ ቤት ወጣሁ። እናቴን፣ ባለቤቴንና የአምስት ዓመት ልጄን ይዤ እዚያው ቂርቆስ ውስጥ፣ መሿለኪያ አካባቢ፣ ባለ ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት ተከራየሁ። እማዬ ገና እንደገባን ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችና «ይሄ ቤት ያልበዋል» አለች።

ሐምሌ ሲገባ ነገሩ ገባን። ከአልጋው ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ወጣ። ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ጋቢ መሽተት ጀመረ። ልጄ ሌሊት ሌሊት ያስል ነበር። ሐኪሙ ደረቱን ካዳመጠ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀን «የሚተኛበት ክፍል እርጥበት አለው?» ብሎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ሕመምና ለአስም ይበልጥ እንደሚጋለጡ ገልጿል።

እማዬ የምታውቀው መድኃኒት ከሰል አቀጣጥሎ ክፍሉን ማሞቅ ነው። በካዛንቺሱ የጭቃ ቤት ነፋሱ በቆርቆሮው ሥር ገብቶ ይወጣ ነበር። እዚህ ግን በርና መስኮቱ ግጥም ብሎ ይዘጋል። አንድ ማታ ከሥራ ስገባ እማዬ ራሷን ይዛ፣ ልጁ እያስመለሰው አገኘኋቸው። የከሰል መርዘኛ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ሁለቱም ብርድ የመታቸው መስሏቸዋል። ወደ ውጭ አውጥቼ ጤና ጣቢያ አደረስኳቸው። ትንሽ ዘግይቼ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

በማግስቱ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ፍለጋ ወጣሁ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ርካሽ ነው፤ በቀን የሚሰበስበው ግን ከአንድ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። ሁለተኛው እንደ ፍሪጅ በኮምፕሬሰር ይሠራል፤ አየሩን አቀዝቅዞ ውሃውን ያንጠባጥባል። ካርቶኑ ላይ «በቀን 12 ሊትር» ተብሏል። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚለካው 30 ዲግሪ በሚሞቅና 80 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል ስለሆነ፣ በእኛ ሐምሌ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚሰበስበው። ሦስተኛው እርጥበት በሚመጥ ንጥረ ነገር ይሠራል። በብርድ የተሻለ ነው፣ ክፍሉንም ትንሽ ያሞቃል፤ መብራት ግን ይበላል።

ልገዛ ስል እማዬ «ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳታውቅ?» አለችኝ። እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። አሸንዳው ተሰብሮ የጣሪያው ውሃ በሙሉ ግድግዳው ሥር ይወርዳል። ሻጋታውም የወጣው ልክ በዚያ በኩል ነው።

ከአከራያችን ጋር ተነጋግረን አሸንዳውን ቀየርን፤ ከግድግዳው ሥር ውሃ መውረጃ ቦይ ቆፈርን። አልጋውን ከግድግዳው አራቅን። ቤት ውስጥ ልብስ ማስጣት ተውን፤ ወጥ ሲሠራም በሩ ይከፈታል። ትንሽ የእርጥበት መለኪያም ገዛሁ፤ ዋጋው ከማሽኑ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። መጀመሪያ 82 ይል የነበረው፣ ግድግዳው ሲደርቅ ወደ 70 ወረደ። የሚመከረው ከ60 በታች ነው። የቀረውን ለማሽኑ ተውኩለት።

ባለ ኮምፕሬሰሩን መረጥኩ። አራት ሰው የምንተኛበት ቤት ያን ያህል አይቀዘቅዝም፤ የሦስተኛውን የመብራት ሂሳብ ደግሞ አንችለውም። በመጀመሪያው ጠዋት እማዬ ግማሽ የሞላውን ማጠራቀሚያ አንስታ አየችና «ይሄን ሁሉ ስንተነፍሰው ነው የከረምነው?» ብላ ደጅ ደፋችው።

ልጄ አሁንም አልፎ አልፎ ያስለዋል፤ ሌሊቱን ግን ተኝቶ ያድራል። ከሰሉ ለቡና ብቻ ሆኗል፤ የሚቀጣጠለውም ከደጅ ነው።