በርበሬ ለማይስማማው መንገደኛ፦ ከአርባ ምንጭ እስከ ዶርዜ

ጨጓራዬ በርበሬ ከከለከለኝ ዓመታት አልፈዋል። መንገድ ስወጣ የሚያሳስበኝ ታዲያ ሆዴ ብቻ አይደለም፤ የቀረበልኝን አልበላም ብዬ ጋባዦቼን ማስቀየሙም ነው። ወደ አርባ ምንጭ ስሄድ ግን ብዙ አልተቸገርኩም።

ከጫሞ ሐይቅ የወጣ ዓሣ ተጠብሶ ሲቀርብልን ዳጣው ለብቻው በትንሽ ሳህን መጣ። እኔ ሎሚ ጨምቄበት በላሁ፤ ዳጣውን ለባልንጀሮቼ ተውኩላቸው። ጉላሽ ያማረው ሰው ግን ድስቱ ሳይጣድ «ያለ በርበሬ» ማለት አለበት፤ ከተሠራ በኋላ ማውጫ የለውም።

የጨንቻን ዳገት ይዘን ዶርዜ ስንደርስ ትኩስ የቆጮ ቂጣ ከማርና ከዳጣ ጋር ቀረበልን። «እማማ፣ ጨጓራ አለብኝ፤ ማሩ ይበቃኛል» አልኳቸው። እናት አልተቀየሙም፤ ይልቁንም ማር ጨመሩልኝ። ዳጣው ስላልሸፈነብኝም የእንሰቱን ኮምጠጥ ያለ ጣዕም በደንብ ለየሁት።

እንደ እኔ የምትፈሩ ካላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ማባያውም ለብቻው ይምጣላችሁ። ድንገት ካቃጠላችሁ ደግሞ ከውሃ ይልቅ ወተት ወይም አይብ ይሻላል። የበርበሬው ማቃጠያ በቅባት እንጂ በውሃ አይሟሟምና።