ስድስቱ ምዕራፎች

መጽሐፈ ምሳሌ 31 ምዕራፍ አለው፤ የእኛ ወር ግን 30 ቀን ነው። ነቀምቴ ባለው ቤታችን ይህች የአንድ ቁጥር ልዩነት ብዙ አከራክራለች። አባዬ በየማለዳው የዕለቱን ቀን እየተከተለ አንድ ምዕራፍ ያነብልናል። በዚህ ስሌት ስለ ባለሙያ ሴት የሚናገረው የመጨረሻው ምዕራፍ ተራ የሚያገኘው በዓመት አንዴ፣ ጳጉሜን 1 ቀን ነው። «የኔን ምዕራፍ ጳጉሜን ላይ ጣላችሁት» ትላለች እናቴ፣ ቡናዋን እየቆላች።

ልማዱ ከደርግ ዘመን የመጣ ነው። የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መሪው ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ከተገደሉ በኋላ በወለጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ ሰውም ጸሎቱንና ንባቡን ወደ ጓዳ አስገባ። አባዬ የሚያነበው ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የደከሙበትን፣ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመውን፣ በፊደል የተጻፈውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ኦነሲሞስ በነቀምቴ አስተምረው በ1923 ዓ.ም. እዚያው ስላረፉ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ስማቸውን የሚያነሱት እንደ ዘመድ ነው። ደርግ ወድቆ አብያተ ክርስቲያናቱ ሲከፈቱም የማለዳው ንባብ አልቀረም።

በ1980ዎቹ አጋማሽ አባዬ ቡና ሰብሳቢ ሆኖ ከጊምቢ በኩል ጀንፈል ይገዛ ጀመር። በዚያን ጊዜ ባዶ ጆንያ አንድ ኪሎ እንኳ ሳይሞላ፣ ነጋዴው «የጆንያ» ብሎ ሁለት ኪሎ ይቀንሳል። አባዬ ባዶውን ጆንያ ገበሬው ፊት ሰቅሎ ይመዝንና የመዘነውን ብቻ ይቀንሳል። ነገሩ ሲወራ ገበሬው ወደ እኛ መጋዘን ተሰለፈ። አንድ ማታ ነጋዴዎች ተሰብስበው መጡ፤ «ገበያ አበላሸህብን» አሉት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰላቸው፣ ቡናም አስፈላላቸው። ለስላሳ መልስ ቁጣን ያበርዳል የሚለውን በየወሩ በ15 ስለምንሰማ እኛ ልጆች ሲታረቁ ለማየት ጓጉተን ነበር። አልታረቁም። ቡናውን ጠጥተው ሄዱ፤ በማግስቱ የጭነት መኪና የሚጋራው ጠፋ። ያን ዓመት ትርፋችንን የበላው የማጓጓዣ ኪራይ ነው።

አባዬን ይበልጥ ያደነቅሁት ግን በሌላ ነገር ነው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ እንዲከብድላቸው ውሃ የረጩበት ቡና አመጡ። አባዬ ፍሬውን ሰብሮ በጥርሱ ነከስ አደረገው። ውሃ መረጨቱን እሱም ያውቃል፣ ሽማግሌውም ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን። «ኦቦ፣ ይቺ ቡና ትንሽ ፀሐይ ቀርቷታል። እኔ ግቢ ያስጧት፤ ስትደርቅ እንመዝናለን» አላቸው። ከሰልፉ ማንም የጠረጠረ አልነበረም። ሰውን ሳያሳፍሩ ስህተቱን ማረም ከሚዛኑ ይልቅ የሚከብድ ይመስለኛል፤ ለዚህ የሚሆን ጥቅስ አባዬ ጠቅሶልን አያውቅም።

ታዲያ ይኸው ሰው በዋስ ጉዳይ ደካማ ነበር። የልብ ወዳጁ ከአንድ ባለገንዘብ ሲበደር ፈረመለት። ከምሳሌ ምዕራፍ 6 ጀምሮ ለሰው ዋስ አትሁን የሚለው ምክር ደጋግሞ ይመጣል፤ አባዬም በየወሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበው ነበር። ወዳጁ አገር ለቅቆ ሄደ። የምትታለበው ላማችን ተሸጠች፤ ከከተማው ዳር ያለን ባሕር ዛፍም ተከተላት።

ከዚያ በኋላ ወሩ በገባ በ6 ቀን ማለዳ ቤታችን ጭር ይላል። እናቴ ቃል አትተነፍስም፤ ዓይኗን ግን ከአባዬ ላይ አትነቅልም። አንድ ቀን ቆጥራ ነገረችው፦ ስለ ሚዛን የሚናገሩት ሦስት ምዕራፎች ናቸው፤ 11፣ 16ና 20። ስለ ዋስ ግን ስድስት ናቸው፤ 6፣ 11፣ 17፣ 20፣ 22ና 27። «ሦስቱን ጠበቅህ፤ ስድስቱን ለማን ተውካቸው?»

«ወዳጅ በሁሉ ጊዜ ይወድዳል የሚልም አለ፣ እዚያው በ17 ላይ» አለ አባዬ።

«አለ። ከታች ያለውን ቁጥርም አንብበው።»

አነበበው። ስለ ዋስ ነበር።

በሚቀጥለው የቡና ወቅት ሌላ ሰው ፊርማ ፈልጎ መጣ። አባዬ መጋዘን እንዳለ «እሷን ጠይቃት» ብሎ ወደ ቤት ላከው። እናቴ ዋስ እንደማይሆኑለት ነገረችው፤ ከዚያ ከጓዳ ገንዘብ አውጥታ ሰጠችው። ባይመለስ እንኳ የማይጎዳን ያህል ነበር። የመመለሻ ቀን አልቆረጠችም። ወሬው ተዳርሶ ኖሮ፣ ከዚያ ወዲያ ዋስ የሚፈልግ ሰው መጋዘኑን አልፎ በቀጥታ ወደ እሷ ይመጣ ነበር፤ አንዳንዱም ገና ከበር «ዋስ አልፈልግም፣ ያለሽን ስጪኝ» ይላታል።